የእናትሽ ድምፅ ያለበት ሣጥን

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? ጤናሽስ? ባልሽ ደኅና ነው ወይ? ያቺ ጥርስ ታበቅል የነበረችው ልጅሽ አሁን መንከስ ጀመረች? እኔ ጉልበቴ ከሚያጉረመርመው በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም ማጉረምረሙን ከእኔው ነው የተማረው። ይህን በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጨርስ ስለምትስቂ በደብዳቤ ይሁን ብዬ ነው። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልም የገዛ እጄ ነው፤ ማንንም አላስጻፍኩም።

ነገሩ ያ ሰርቨር የምትይው ሣጥን ነው። እናትሽ ካረፈች በኋላ ፎቶዋንና ድምፅዋን ሰብስበሽ ከትተሽበት፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተሽልኝ ከሄድሽ ወዲህ፣ እንደምታውቂው ድርቅ እያለ አስቸገረኝ። አረንጓዴ መብራቱ ይበራል፤ እሱ ግን እንዳኮረፈ ሰው መልስ የለውም። ነቅዬ ስሰካው ይነሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ነው። ድምፅዋን ከመጀመሪያው ጀምሬ ስሰማ፣ እኔን የምትቆጣበት ጋ ስደርስ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያንን...» ብላ ጸጥ። በሕይወቷ ቁጣ ጀምራ ሳትጨርስ ቀርታ አታውቅም።

አንቺ በስልክ፣ «አባዬ፣ ላዩ ላይ የተጫነ ነገር አለ እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የለም አልኩሽ። ሬዲዮ ጠጋኙን ሽቦን ጥራው አልሽ፤ ጠራሁት። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ቅጥነቱ ነው ስሙን ያወጣለት። ተቀምጦ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሣጥኑ እንደ ሰዓት ይሠራል። እሱ ሲወጣ፣ ድርቅ! ገመዱን ቀየረ፣ የመብራት ማከፋፈያውንም ቀየረ፤ እሱ ባለበት ጤነኛ፣ ከሄደ በኋላ በሽተኛ። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ሣጥኑስ ደኅና ነው፤ የሚደርቁት እርስዎ እንዳይሆኑ» አለኝ። ውጣ ከቤቴ አልኩት። ወጣ፤ ያውም እየሳቀ።

ከዚያ አንቺ፣ «እንዲህ በነቀልከው ቁጥር ውስጡ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ መብራቱን አጥፍተህ ላክልኝ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ» አልሽ። እውነትሽን ነው። ግን እናትሽን ከቤቷ ማስወጣት ሆነብኝ። እሺ አልኩሽ እንጂ ካርቶን እንኳ አልፈለግኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ የሣጥኑን ዳንቴልም አብሬ አጠብኩት። እናትሽ ለሬዲዮው የሠራችው ነው፤ ሬዲዮው ሲሞት ለቴሌቪዥኑ ሆነ፤ አዲሱ ቴሌቪዥን ቀጭን ሆኖ ሲያንሸራትተው እኔ ለሣጥኑ አለበስኩት። በዚህ ቤት ዕቃ ራቁቱን ተቀምጦ አያውቅም፤ አቧራ ይጠጣል ትል ነበር። ዳንቴሉ ፀሐይ ላይ ሲውል ሣጥኑም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። አመሻሹ ላይ መልሼ አለበስኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ድርቅ አለ። ገልጬ እጄን ባሳርፍበት እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ይፋጃል።

ያኔ ገባኝ። ሽቦ በመጣ ቁጥር ዳንቴሉን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር፤ እጁ ቅባት ነው፣ እንዳያቆሽሸው። ለአንቺም አልዋሸሁም፤ ኮት የለበሰ ሰው ዕቃ ተሸክሜያለሁ ይላል? ያም ሆኖ በአንድ ምስክር አልፈርድም ብዬ በማግስቱ አለበስኩት፣ ደረቀ። ገለጥኩት፣ ሠራ። ዳግመኛ አለበስኩት፣ ደረቀ። ተረታሁ።

ዳንቴሉን ግን መሳቢያ ውስጥ መቅበር አልሆነልኝም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ሣጥኑ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ እዚያው መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። አሁንም ሣጥኑን ይጠብቃል፤ ራቅ ብሎ እንጂ።

እንግዲህ ሣጥኑን አልልክም። ከዚያ ወዲህ አንዴም ቆሞ አያውቅም፤ ካላመንሽ ከዚያው ሆነሽ በስልክሽ እዪው። ሽቦን ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ በደጁ ሳልፍ ግን ቀድሜ ሰላም አልኩት፣ ይበቃዋል።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ሥራ አያብዛ። የባልሽን እናት እግሯ እንዴት ሆነ ብሏል በያት። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የምትነክስ ከሆነም ትንከስ፣ አያቷን ትመስላለች።

ትናንት ድምፅዋን ከመጀመሪያው ሰማሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ያንን በር ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ!» ብላ ጨረሰችው። ዞር ብል እውነትም በሩ ክፍት ነው። ተነስቼ ዘጋሁት።

አባትሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 14 ቀን