ከኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ

አሶሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ክልሉ አዲስ ነውና ቢሮው ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ግን ኮምፒውተር የቻለ ብቻ። ሥልጠና ክፍሉ የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው፤ አቧራ ከገባበት ማሽኑ ይሞታል ይላሉ። ዛሬም የሠልጣኞቹን ጫማ አደበላልቄ ተደበቅሁ። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ጓደኛዬ ሐሚድ ለዕረፍት ሲወጣ፣ ባንድ እግሩ የሴት ጫማ አጥልቆ፣ «አንተ ሰይጣን፣ ውጣ!» አለኝ። ሳቄን ሳልጨርስ ከኋላው የወጣችውን አሠልጣኟን ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ እኔስ መቼ ነው የምገባው?»

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስድስት ላይ አቋረጥኩ።»

«ስምንትን ጨርስና ና፣ የኔ ወንድም።»

ሠልጣኞቹ ተመልሰው ሲገቡ የራሴን ኮንጎ ጫማ አውልቄ ከጫማቸው ጎን ደረደርኩት። እዚያ መሐል ሲታይ ያምራል። አሠልጣኟ በሩን ልትዘጋ መጥታ፣ «ይሄ የማነው? ያልገባ ሰው አለ እንዴ?» አለች። ባዶ እግሬን ቆሜ፣ «የኔ ነው፣ ቲቸር» አልኳት፤ ያለ ቀልድ።