ዋጋው እኩል የሆነ ዕለት

አቶ ሊቨን ደ ስመት ከአባታቸው ከመርከብ አራጋፊው ከአቶ አማንድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢርማ በ1938 በአንትወርፕ ከተማ ተወለዱ። እኔ ታናሽ እህታቸው ጎደሊቭ ነኝ።

በሰፈራችን ካህናት ትምህርት ቤት ተምረው በ1957 በከተማችን የአክሲዮን ገበያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ስልክ ነበር። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን በእኛም፣ በአምስተርዳምም፣ በፓሪስም ይሸጣል፤ እሳቸው የየከተማውን ዋጋ እየሰሙ ከረከሰበት ያስገዛሉ፣ በተወደደበት ያስሸጣሉ። «ሦስቱ ገበያዎች እህትማማች ናቸው። ፓሪስ ስትቆጣ አምስተርዳም ታኮርፋለች፤ አንትወርፕ ግን መጀመሪያ ምሳዋን ትበላለች» ይሉ ነበር።

በዚያ ስልክ ሰላምታ የለም። ሰላም እስኪባል ዋጋው ይለወጣላ። ግዢው በአፍ «ጨርሰናል» ከተባለም መመለስ የለም። በ1966 አንድ ቀን የአንትወርፕና የአምስተርዳም ዋጋ እኩል ሆነና የሚገዛም የሚሸጥም ጠፋ። በአምስተርዳም በኩል ስልኩን የያዙት ወይዘሪት ማርትየ «እንግዲህ ሥራ የለንም» አሉ። ወንድሜም «ታዲያ እናውራ» አሉ። አወሩ፣ አወሩና «ታገቢኛለሽ?» አሏቸው። እሳቸውም ስቀው «ጨርሰናል» አሉ።

እሑድ ወንድሜ በባቡር አምስተርዳም ሄደው ቀለበት ይዘው በወይዘሪት ማርትየ ደጃፍ ቆሙ። «ሰውዬ፣ እኔ እኮ ቀልዴን ነው» ቢባሉ፣ «በገበያ ቀልድ የለም» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሂልደንና ፍራንሲንን ወለዱ።

ኋላ የዋጋው ወሬ በየከተማው ባንድ ቅጽበት የሚደርስ ሆነ፤ ዋጋውም እኩል እየሆነ ሄደ። በ1997 የአንትወርፕ ገበያ ሲዘጋ የወንድሜም አፍ አብሮ ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ወንዙን ያያሉ። በቁማቸው እንዳናጣቸው ፈራን። ወይዘሮ ማርትየ ግን ከእኔ ዓሣ መሸጫ እየደወሉ፣ ሰላም ሳይሉ፣ «የጎደሊቭ ዓሣ ተወዷል፤ አምስተርዳም ረክሷል» ይሏቸው ጀመር። አንድ ቀን «እሷ ድሮም ታስወድዳለች፤ እንዳትገዢ» የሚል የወንድሜን ድምፅ በስልኩ ሰማሁ። ተናድጄ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ማውራት አላቆሙም።

በብርዱ ወራት ሳንባቸው ታመመ። ማርች 9 ቀን 1999 ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው «ዋጋው ስንት ነው?» አሉ። ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው «እኩል ነው» አሏቸው።

«እንግዲህ ሥራ የለንም።»

«የለንም። እናውራ።»

ሲያወሩ አረፈዱ። አንትወርፕ ምሳዋን በምትበላበት ሰዓት አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሰላም ለመባባል ጊዜ ካለበት ቦታ ያሳርፍልን።