የጋሼ ሸምሱ ላሜራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቴሌስኮፕ ላይ የከዋክብትን ብርሃን የሚቀበሉት የፋይበር፣ ማለትም ብርሃን አስተላላፊ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች፣ ጫፎች ከቦታቸው በፀጉር ውፍረት እንኳ መዛነፍ የለባቸውም። ካሜራዬ ቦታቸውን በትክክል መለካቱን የምፈትንበትን ባለ ቀዳዳ ላሜራ ዛሬ ልወስድ ብረት ቀጥቃጮቹ ሰፈር ምናለሽ ተራ ሄድኩ። የሠሩልኝ ጋሼ ሸምሱ ናቸው፤ ሦስት ወር ለፍተውበታል።

ላሜራውን ሲያቀብሉኝ፣ በሱቁ በረንዳ ይገባኛል ሁሌ የሚጣላቸው ጎረቤታቸው ፌሮ ይዞ ገባ። ትከሻቸውን ሲመታቸው ወደቁ። ጭንቅላታቸው ላይ ሊደግም ፌሮውን ሲያነሳ በላሜራው ጠርዝ ፊቱን መታሁት። ከወደቀ በኋላም ደገምኩት።

«በቃ ልጄ፣ ትገድይዋለሽ!» አሉኝ ጋሼ ከመሬት ሆነው።

ዓይኑ ደም በደም ሆኖ ሰዎች በሸክም ወሰዱት። ላሜራው ተጣሟል፤ ለመለኪያ አይሆንም። ጋሼ «ሌላ እሠራልሻለሁ» ይሉኛል፤ ቀኝ እጃቸው ግን አልነሳ ብሏል። የሰውየው ዓይን መትረፉን እስካሁን የነገረኝ የለም።

መጀመሪያ የመታሁት ለጋሼ ብዬ ነው። ሁለተኛውን ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም።