የልጆች ኳስ

መጋቢት 21 ቀን። የላክኸው ካርቶን ገንዳ ውሃ አውቶቡስ ዕቃ ክፍል ደርሷል።

ወንድምዓለም ደረበ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የቴኒስ ክለቡ ዘበኝነት እግርህን ማሳበጡን ተወ ወይስ አሁንም ነው? እዚያም ሙቀቱ እንደ እኛ ነው አሉ፤ ውሃ በደንብ ትጠጣለህ? ጥርስህን ተነቀልህ ወይስ እያስታመምኸው ነው? እኛ ደኅና ነን። እማዬም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደኅና ናት። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ የተለየ ነው፤ አልጋችንን ደጅ ካወጣን ሰነበትን።

ይህን በስልክ ያልነገርሁህ አማችህ ባየልኝ ሁልጊዜ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ዘምዘም ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሻርጃ ስለምትመለስ በእጇ ሰድጄልሃለሁ።

አማችህ ትራክተሩ ገለጉ መንገድ ላይ ተገልብጦበት ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ ምን እንደሆነ ጽፌልህ አላውቅም። መንዳቱንም ቴኒሱንም ተወ። መንዳቱን የከለከለው ሐኪም ነው። ቴኒሱን ግን ራሱ ሞክሮ ነው የተወው። ያችን ጠንካራ ኳስ አንዴ ሲመልሳት ሕመሙ እስከ አንገቱ ወጣበት፤ ራኬቱን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጦ ቤቱ ገባ። አንተ በነበርህበት ጊዜ በመጋዘኑ ግቢ እሱን የሚያሸንፍ አልነበረም፤ አንተንም ላብ በላብ ያደርግህ እንደነበር አትረሳውም። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛ ሰው ሆነ። ምን ልብላ አይል፣ ምን ሠራሽ አይል።

የመጀመሪያው ዕቃህ የመጣው እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው። እጀታቸው አጠር ያለ ቀለል ያሉ ራኬቶችና ግማሽ ጎናቸው ቢጫ፣ ግማሽ ጎናቸው ብርቱካናማ የሆኑ ኳሶች። ቀለሟን አይተን ሲመሽ እንድትታይ የተሠራች ናት አልን። ሳጂድ ደግሞ የራኬቱን እጀታ አገላብጦ አዲስ ሞዴል ነው አለ። ሳጂድ ከመተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ሊገዛ እየመጣ እዚሁ የለመደ ሱዳናዊ ነጋዴ ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ሜዳ የሚገባ።

ሰሊጡ ከግቢው ሲሚንቶ ላይ ሲነሣ መረቡን ወጥረው ሞከሯት። ከመሬት ብዙ አትነሣም፣ ቀስ ብላ ትመጣለች፣ ደርሰህ ትመታታለህ። ድሮ ሁለቴ ተመላልሳ ከግቢ ውጭ ትሄድ የነበረችው ኳስ እስኪሰለቻቸው ትመላለስ ጀመር። ሁሉም ጎበዝን አሉ። ሳጂድ ሲጫወት በስልክ አስቀርፆ ገዳሪፍ ላሉ ዘመዶቹ ላከ። ባየልኝ አጥር ሥር ተቀምጦ ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን ተነሣ። በግራ እጁ ትከሻውን ደግፎ መታት። አላመመውም። ቆሞ እጁን አየው። ያን ዕለት እራት ላይ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብሎ ነቀፈኝ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ያንተ የድምፅ መልእክት መጣ። ባየልኝ እንደ ወትሮው ሰላምታ መስሎት ሰው በተሰበሰበበት ከፍ አድርጎ ከፈተው። ለካ የላክሁላችሁ የሕፃናት መለማመጃ ነው፣ አሠልጣኙ ሳቀብኝ፣ የትልቅ ሰው ኳስ ቶሎ እልካለሁ ስትል ድምፅህ ግቢውን ሞላው። ሳጂድ ጆንያ ላይ ተቀመጠና፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ ለካ ገና ሁለተኛ ክፍል ነኝ አለ። የሳቀለት አልነበረም። ሚዛን ላይ የሚሠራው ይርዳው፣ ከሁሉም ጉልበተኛው፣ ኳሷን በእግሩ ገፋ አድርጎ እውነተኛዋ ስትመጣ ጥሩኝ ብሎ ወጣ። በማግስቱ ሜዳው ባዶ ዋለ። ባየልኝም ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።

አንተን አልወቅስህም፤ የሰማኸውን ነው የነገርኸን። እኔ ግን እንዲያ ተኝቶ ሳየው ያ ዓመት ተመልሶ የሚመጣብኝ መሰለኝና ራኬቱን ከምስማሩ አወረድሁ። ተነሥ፣ የልጅ ከሆነች ለእኔ ትሆነኛለች፣ አስተምረኝ አልሁት። በዚህ ዕድሜሽ? አለ። ሰው ያየናል አለ። ይየና! አልሁት።

ራኬት ይዤ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቆምሁ። መጀመሪያ አየር መታሁ፤ ደግሜም አየር መታሁ። ከዚያ ኳሷ ጠበቀችኝ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ጠበቀችኝ። ሰደድሁለት፣ መለሰልኝ። ወደ ጎን ቁሚ፣ መጥረጊያ አስመሰልሽው እኮ፣ እያለ ይጮኽብኛል። እማዬ በር ላይ ቆማ አይታን፣ እንዲህ መመላለስ ከቻላችሁ ይኸን ሁሉ ጊዜ ምን አኮራረፋችሁ አለች። ሰንበት ብሎ ሳጂድ አጥሩን ተደግፎ ቆየና፣ ሐኪም ተንቀሳቀስ ስላለኝ ነው እንጂ ኳሷን ወድጃት አይደለም ብሎ ገባ። አሁን ፀሐይ ስትበርድ ሦስታችንም እዚያ ነን። ይርዳው ግን የትልቅ ሰው ኳስ ያለበትን ካርቶን ነው የሚጠብቀው።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑ መድረሱን ሲሰማ ባየልኝ፣ ሂጂና አምጪላቸው፣ በደንብ ይጫወቱ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ አለኝ። ቁጭ ብዬ አያለሁ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ይኸው የአውቶቡስ ዕቃ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ እጽፍልሃለሁ። ደረበ፣ በክለባችሁ ልጆቹ አረጀች ብለው የሚጥሏት ብርቱካናማ ኳስ ካለች ሰብስብልኝ። እኛ ዘንድ ያሉት እየላሉ ነው። የትልቅ ሰው የምትባለዋን ግን አትላክ፤ ለይርዳው ይህች ካርቶን ትበቃዋለች።

አብሮህ ለሚያድረው ለያረጋል ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ሳሉ ተሻለው? እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ በዚህ ሙቀት ፀጉርህን አታሳድግ ብላለች። ሳጂድ ሰላም ብሎሃል፤ ሁለተኛ ክፍል አለፈ በይው ብሏል። ባየልኝ መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ እሱም ሰላም ይልህ ነበር።

የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ ስምሽን ጠራሁ እኮ፣ መታወቂያሽን አምጪ እያለኝ ነው። ፀሐይዋ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ዞራለች። ይኸን ጊዜ ባየልኝ መረቡን እየዘረጋ ነው፤ ቀኝ እጁ ከፍ ስለማይል ሌላውን ጫፍ የምስብለት እኔ ነኝ። ካርቶኑ እዚሁ ይቆይ። ይርዳው ከፈለገው ራሱ ይምጣ። እኔ ወጣሁ።

እህትህ ስርጉት
ገንዳ ውሃ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.