ዝግታን የተማረችው መኪና

ለተወደዱት አባቴ፣ ለአባባ፤

ይህ ደብዳቤ ደጃፍዎ ሲደርስ ጤናዎ ተመልሶ፣ ጉልበትዎ ጠንቶ እንዲያገኝዎት እለምናለሁ። እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎን ያዝ የሚያደርግዎ ነገር ተወዎት? መነጽሩ ተስማማዎት፣ ወይስ አሁንም ጋዜጣውን በክንድዎ ልክ አርቀው ነው የሚያነቡት? እሙዬስ እንዴት ናት? ያ የክረምቱ ሳል አልተመለሰባትም? ደሴ ዝናብ ጣለ ወይ? ይህን ሁሉ ጥያቄ የምደረድረው መልሱን ስለምፈራ ነው። እርስዎ ያውቁኛል። ደኅና ነን የሚለውን ቃል በዓይኔ እስካላነበብኩ ድረስ ደኅና መሆናችሁን አላምንም።

እኔ ደኅና ነኝ። ስለ ጋምቤላ ሙቀት አይጠይቁኝ። ሚያዝያ ነው። ወረቀቱ ክንዴ ላይ ይለጠፋል፤ ብዕሩ ከጣቴ ያመልጣል። ሥራዬ ያው ነው፤ የጤና ጣቢያዎቹን መገናኛ ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ የተቃጠለውን እቀይራለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ክንድ ስለምታህል አንዲት መኪና ነው። ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ። ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ፤ ለሌላ ሰው ብነግረው እንደ እርስዎ አይገባውም። ዕድሜዎን ሙሉ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዘው ታርማ በርን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት እርስዎ ነዎት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት አውሮፕላኑ ለአራት መቶ ሕፃናት የሚሆን የኩፍኝ ክትባት አመጣልን። በወንዙ ዳር ባሉ መንደሮች ኩፍኝ ገብቷል። ክትባቱ ቅዝቃዜ ካጣ ውኃ ነው፤ ይወጋል እንጂ አያድንም። የምናስቀምጥበት ክፍል አለን፣ ግድግዳው ራሱ የሚቀዘቅዝ ክፍል። ጄኔሬተሩም አለ። በመካከላቸው መንገድ አለ። ከመንገዱ ሥር ሠላሳ ሁለት ሜትር የሲሚንቶ ቱቦ ተቀብሯል፤ ወርዱ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። የመብራቱ ገመድ የሚያልፈው በዚያ ነበር። ይኸው ገመድ ከአንድ ቀን በፊት፣ እሑድ፣ ተቃጠለ። ስንስበው መሐሉ ላይ ተበጠሰና ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ወጣ። አዲስ ገመድ አለን። የሚያሳልፈው የለም።

ክትባቱን የምትጠብቀው ነርስ ሲስተር ኛኪየር ትባላለች። ሣጥኖቹን በበረዶ ሞልታ፣ ቴርሞሜትሩን አይታ፣ «ሁለት ቀን» አለችን። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ኦሉም የሚባለው የቧንቧ ሠራተኛችን መንገዱን በዶማ ሞከረው፤ የተጠቀጠቀ ድንጋይ ነውና ብልጭታ እንጂ አፈር አልወጣም። «አራት ቀን» አለ እሱ ደግሞ። በላይ እንዳናሳልፈው ምሰሶ የለም። ቀርከሃ እየቀጣጠልን ብንከት ክረምት ያስገባው ድንጋይና ደለል ቱቦው ውስጥ ተኝቷልና ተሰበረ። ከዚያ የኻሊድን ድመት አሰብን። ኻሊድ ሳሙናና የመኪና ዕቃ አብሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው። በድመቷ ወገብ ላይ ክር አስረን በዚህ በኩል አስገባናትና በዚያ በኩል ዓሣ አስቀመጥንላት። ገባች። ተኛች። ኦሉም ቱቦው አፍ ላይ ተደፍቶ ሲለማመጣት ኻሊድ፣ «ወላሂ፣ የኔን እንጀራ እየበላች አንድ አይጥ ይዛልኝ አታውቅም፤ የመንግሥት ሥራ ትሠራለች ብላችሁ ነው?» እያለ ሳቀብን። ከሰዓት በኋላ በገባችበት በኩል ተመልሳ ወጣች።

መኪናዋን ያስታወሰን ግን ኻሊድ ራሱ ነው። አምና የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍር መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ኻሊድ አንድ ካርቶን ገዝቶ ነበር። በውስጡ በሬዲዮ የምትነዳ ትንሽ መኪና አለች። ለመሮጥ አልተሠራችም፤ ድንጋይ ለመውጣት ነው። ጎማዋ ለስላሳና ሰፊ ነው፣ አራቱም ይጎትታሉ፤ አንዱ እግሯ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይዘረጋል፣ እንደ ፍየል። ፈላጊ አጥታ ከሳሙናው ጎን መስኮት ላይ ቆማ ከርማለች። ወስጄ ሞከርኳት። እንደ ደነገጠ ጥጃ ዘለለች፣ ግድግዳ መታች፣ ጨሰች። ፍጥነቷን የሚቆጣጠረው ዕቃ የድሮ ዓይነት ነው፤ ወይ ሁሉንም ይሰጣል፣ ወይ ሁሉንም ይከለክላል። ከፍቼ ሳየው ከሰል ሆኗል። በካርቶኑ ሥር ግን አንድ ያልተከፈተ ፓኬት ነበር። አዲስ መቆጣጠሪያ፣ ከነመመሪያው። ሰውዬው ለምን ሳይገጥመው እንደቀረ አላውቅም።

አባባ፣ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። የክብሪት ቀፎ ያህላል። በዚያ ቀፎ ውስጥ ነዳጅ መስጫው አለ፣ ፍሪሲዮኑ አለ፣ ፍሬኑ አለ። የሚንቀሳቀስ ነገር ግን አንድም የለውም። ሞተሩ በዝግታ እንዲዞር ሲፈልግ ኤሌክትሪኩን አሳንሶ አይሰጠውም፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሺህ ጊዜ በላይ ይዘጋበታል፣ ይከፍትለታል። ሞተሩ አያውቅም። በእርጋታ እየሄደ ያለ ይመስለዋል። መመሪያውን ሳነብ እዚህ ላይ ስደርስ አስቀመጥኩት። ዝግታ ሺህ ጊዜ መቆም ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ይህን ነው። ስለ መኪናዋ ብቻ የማስብ አይመስለኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ገጠምኩት። ሁለት ወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪው፣ ሁለት ወደ ሞተሩ፣ አንዲት ቀጭን ወደ ሬዲዮ መቀበያዋ። የራሷ ባትሪ ሞቶ ስለነበር የእጅ መገናኛ ሬዲዮአችንን ባትሪ ሰጠኋት፤ ኃይላቸው እኩል ነው። ቀጥሎ ማስተማሩ መጣ። ይህ ዕቃ ምንም ሳያውቅ ነው የሚወለደው። መቆም የትኛው፣ መሄድ የትኛው እንደሆነ ሰው ሊነግረው ይገባል። ቁልፉን ተጭኜ ቀይ መብራት ሲበራ በእጄ የያዝኩትን የሬዲዮውን መንጃ መሐል ላይ ተውኩት፤ ይህ መቆም ነው አልኩት። እስከ ጫፍ ወደ ፊት ገፋሁት፤ ይህ መሄድ ነው። ወደ ኋላ፤ ይህ መመለስ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ እጄን ባነሣ ወደ ኋላ ተሳበች። ለካ መሐሉን ሳሳየው ጣቴ ነካ አድርጎት ኖሯል። የጣቴን ስሕተት መቆም ነው ብሎ ተማረ። አፈርኩ፤ ማንም አላየኝም፣ ግን አፈርኩ። ትንፋሼን ይዤ እንደገና አስተማርኩት።

ፍሬኑን ላስተካክል ከኦሉም ጋር ወደ ባሮ ወንዝ ዳር ድንጋዮች ወረድን። የፍሬኑን ኃይል ትንሽ ጨመርኩ፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሌላ ትንሽ ጨመርኩ፤ በግንባሯ ተደፋች። ቀነስኩ። ከዚያ ቁመቴን የሚያክል ድንጋይ ላይ እንደ እስስት እየተጠራጠረች ወጣች፤ ግማሹ ላይ መንጃውን ለቀቅኩት። ቆመች። በዚያ ቁልቁለት ላይ፣ ያለ ታኮ። ያን ጊዜ እርስዎን አሰብኩ፤ ረዳትዎ ድንጋይ ታቅፎ ከኋላ ጎማ ጋር ሲሮጥ፣ እርስዎ በአንድ እግር ፍሬን በአንድ እግር ፍሪሲዮን ይዘው ሲያልብዎት። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን ከውኃ አውጥተው አዩዋት። አንዲቱ በአኙዋክ ቋንቋ አንድ ነገር አለች። ምን አለች ብዬ ኦሉምን ስጠይቀው፣ «ቆማ ምን ታስባለች ነው የምትለው» አለኝ። እኔም በልቤ ስጠይቅ የነበረው እሱኑ ነው።

አሁን ስሕተቴን ልንገርዎ። እዚህ አገር ሁሉ ነገር ይጠቀለላል። ሬዲዮው በላስቲክ፣ መዝገቡ በላስቲክ፣ መታወቂያው በላስቲክ። አቧራና ዝናብ ያልበላው ዕቃ ስለሌለ እጃችን ሳይጠይቀን ይጠቀልላል። ቱቦው ውስጥ ጭቃ አለ ብዬ ያን የክብሪት ቀፎ በላስቲክ ሸፈንኩና በሲስተር ኛኪየር የቁስል ፕላስተር ዙሪያውን አሸግኩት። ኦሉም «እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት የሣጥኖቹ በረዶ አብዛኛው ውኃ ሆኖ ነበር። ሲስተር ኛኪየር «እስከ ስድስት ሰዓት» አለች። ቴርሞሜትሩ ስምንትን ካለፈ ትደፋዋለች፤ ሕጉ ነው። ሬዲዮ ከመሬት ሥር ስለማይሰማ የመኪናዋን አንቴና በቀጭን የመዳብ ሽቦ አስረዝሜ፣ ኦሉም ከዓሣ አጥማጅ ወንድሙ ባመጣው ናይለን ላይ ጠመዘዝነው። ክሩን እየጎተተች ትሄዳለች፣ በዚያው ክር ትሰማኛለች። ክሩ ካለፈ ገመዱን መሳብ ቀላል ነው። ሲስተር ኛኪየር ወዲያ ማዶ ቱቦው አፍ ላይ ተቀመጠች። ኻሊድ ሱቁን ዘግቶ ከእኛ ጋር ቆመ።

ገባች። ከሁለት ሜትር በኋላ አላየኋትም። የቀረኝ በጣቴ መሐል የሚያልፈው ክር ብቻ ነው። ኦሉም በየሜትሩ ቋጥሮት ስለነበር ቋጠሮውን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ሰባት። አሥራ አንድ ላይ ክሩ ቆመ፣ ላላ፣ እንደገና ሄደ፤ ድንጋይ ወጣች አልኩ። አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ምንም። መንጃውን ገፋሁ። ምንም። ወደ ኋላ። ምንም።

ያኔ ላስቲኩ ትዝ አለኝ። ዕቃው ሲሠራ ይሞቃል፤ አየር ያግኝ ይላል መመሪያው። አንብቤዋለሁ። ዓይኔ እያነበበ እጄ ጠቀለለው። እኔ ነኝ ያቃጠልኳት አልኳቸው። ኦሉም መቁጠሪያ ጣቱን እንደቀሰረ ቀረ። አራት መቶ። ይህ ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር በራሴ ውስጥ አልነበረም። ክሩን ለመሳብ ስነሣ ኻሊድ ክንዴን ያዘኝና፣ «እህቴ፣ ተቀመጪ። የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲሞቅ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ይጮኻል? ያቆማል፣ ይጠብቃል» አለኝ። እርስዎ የተናገሩ መሰለኝ። ተቀመጥኩ። የመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ መስመር ነበረች፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድለት ይነሣል የምትል። እውነት መሆኗን አላውቅም ነበር። በወረቀት ላይ ስንት ነገር ይጻፋል።

ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ከማዶ ሲስተር ኛኪየር፣ «ስድስት ተኩል ደርሷል!» ብላ ተጣራች፤ የቴርሞሜትሩን ነው። መንጃውን እንደ ዕንቁላል ነካሁት። ክሩ ሄደ። አንድ ቋጠሮ በጣቴ ውስጥ አለፈ። ኦሉም «ሃያ» ያለው በሹክሹክታ ነው።

አባባ፣ መቆምን፣ መሄድንና መመለስን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንዳይቃጠል ብሎ በጨለማ ውስጥ ራሱን ማጥፋትን፣ በርዶለት መነሣትን ግን ከእኔ አልተማረም። እኔ አላውቀውምና። ፀጉሬ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሜትር እየነዳሁ፣ አምስት ደቂቃ እያሳረፍኩ ሄድን። ሃያ ስድስት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ ሁለት ላይ ክሩ ቆመ። መንጃውን ለቀቅኩ። ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ክሩ ጣቴ ላይ እንዳለ፣ ሦስት ጊዜ ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ ተደረገ። ሞተር እንዲህ አይስብም። እጅ ነው።

በክሩ ሲባጎ፣ በሲባጎው ገመዱን አሳለፍን፤ አገናኝተን ጄኔሬተሩን ስናስነሣ ክፍሉ መቀዝቀዝ ጀመረ። ሲስተር ኛኪየር ሣጥኖቹን ስትከፍት ቴርሞሜትሩ ሰባት ተኩል ይላል። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ወደ ክፍሉ አስገባች፤ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። መኪናዋን ጠይቄ ተቀበልኳት። ጭቃ ብቻ ነበረች። ኦሉም ድመቷን ባየ ቁጥር «አንቺ ከሥራ ተባረሻል» ይላታል።

ትናንት ሐሙስ እናቶች ከየመንደሩ ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። ከቢሮው ኋላ ከማንጎው ሥር ሬዲዮ እየጠገንኩ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ሕፃን በመርፌው ጮኸ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው፤ እስከ ማታ አላቆመም። መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ከመቶ በላይ ሲሆን ጠፋብኝ። ሥራዬን አልሠራሁም። በሕፃናት ለቅሶ እንዲህ ደስ የሚለኝ ክፉ ሰው መሆኔን እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።

እሙዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስለ ምግቤ አታስብ፣ ዓሣው ያወፍራል ይበሏት። ታናናሾቼንም ይሳሙልኝ፤ ኮከብ የፈተናው ውጤት ሲመጣ ክፉም ቢሆን ትጻፍልኝ። ኤልናታን ቴፑን ፈትቶት እንደሆነ ብሎኖቹን በሣህን ላይ ያስቀምጣቸው፤ አይበትናቸው። ለሶልያና ፀጉሯን ስትሠራ እንዳታለቅስ ይንገሩልኝ፤ አይ፣ ይተዋት፣ ታልቅስ። ጎረቤታችንን ጋሼ ዘውዱን ከነቤተሰባቸው ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ለእርስዎ አባባ፣ ዓይንዎንና ጉልበትዎን አምላክ ይጠብቅልኝ።

ልጅዎ የትናየት

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1989 ዓ.ም.