ከላፕቶፑ በስተቀር ደህና ነን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ ፈተናው እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህና ከላፕቶፑ በስተቀር ደህና ነን።

ዋይፋዩ የጠፋው እሁድ በቪዲዮ ልትደውል ስትል ነው። በስልክ እንዳዘዝከኝ አጥፍቼ አበራሁት፤ ምልክቱ ወይ ፍንክች! ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ግን በእኛው ዋይፋይ ዘፈኗን ታዳምጣለች።

ትናንት ላፕቶፑን ሆስፒታሉ በር ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት፤ እማዬን ውጪ መጠበቄ ስለማይቀር ነው። ጉንፋን ናት፣ አታስብ። ጠጋኙ ላፕቶፑን ገልበጥ አድርጎ አየና ጎኑ ላይ ያለችውን ሚጢጢ ማብሪያ በጥፍሩ ገፋ አደረጋት። ዋይፋዩ ከች አለ! "ይቺ በራሷ አትጠፋም፤ ሰው ነው የነካት" ብሎ ሳቀብኝ። ለካ ላፕቶፑን ስትልክልን "እንዳትነኳት" ያልከን ማብሪያ ናት። እኔ ረስቻት ነበር፤ እማዬ ግን አልረሳችም።

ስትወጣ ነገርኳት። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ "ፀጉሬ ትንሽ ይብቀልና ያየኛል" አለችኝ። መቼም መዋብ እንደምትወድ ታውቃለህ።

ማታ ማብሪያዋን መልሼ ያጠፋኋት እኔ ነኝ። አንተ እዚያ ስክሪን ላይ አፍጥጠህ "እማዬ የታለች?" ስትል እየታየኝ አጠፋኋት። እሁድ ካላገኘኸን በላፕቶፑ አትፍረድ፣ በእኔ ፍረድ።

ፈተናህን እንደጨረስክ ግን ሥራ ምናምን ሳትል ና።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። በአካል ያገናኘን፤ ቶሎ።

እህትህ