ሰላምታ የከለከልኩበት ሬዲዮ

የሺዬ፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ሲጠይቀኝ "ሦስት ዓመት" ብዬ አልፈዋለሁ፤ ለራሴ ግን አራቱን ወር አልተውም። "ቁጥር ላይ ምሕረት የለህም" ትዪኝ ነበር። አሁንም የለኝም።

ይህን የምጽፍልሽ ከዘመሮ ከተማ ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ታች፣ ወደ ጀማ የሚገባው ወንዝ ዳር፣ ልጃችን መቅደስ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ዓሣ እያጠመደች ነው። ጉልበቴ ላይ የመነጋገሪያ ሬዲዮ አለ። ከአንቺ በኋላ ሬዲዮ በእጄ አልነካም ብዬ ነበር። እንዴት እንደ ነካሁ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣራው ተቀይሯል፤ ያ የሚያፈሰው በመኝታ ቤታችን በኩል ያለው ቆርቆሮ ሳይቀር። መሐል ሜዳ ከተማ የሞባይል ማማ ተተክሎ ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ እየጮኸ ያወራል፤ ከከተማው አንድ ሰዓት ከተራመድሽ ግን ስልኩ ኪስ ውስጥ ያለ ጠጠር ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ለአምስት አደራጅቶን እኔን የአምስት መምህራን ሰብሳቢ አድርጎኝ ነበር። በሁለተኛው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ላይ ማንም ያልተናገረው ነገር ተጽፎ ስላገኘሁ አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። አንቺ ብትኖሪ "ፈርምና ና፣ ራትህ ቀዘቀዘ" ትዪኝ ነበር። እኔም አልፈርምም፤ ግን ራቴን እበላ ነበር። አሁን ስቆጣ ቁጣዬን የሚያቋርጥልኝ ሰው ስለሌለ እስከ ማግስቱ ይዘልቃል።

መጀመሪያ ወደዚህ ወንዝ ይዘሽኝ የወረድሽው አንቺ ነሽ። መርሐቤቴ ያደግሽ፣ ጾም ሲገባ አባትሽ ከወንዝ የሚያመጡትን አምባዛ በልተሽ ያደግሽ። እኛ የመንዝ ሰዎች ዓሣን እንደ እባብ የምንሸሽ ነን። እናቴ ስትሰማ "ልጄ ገብስ አጣ እንዴ?" ብላ ሦስት ቀን አዝናለች። አንቺ ግን መንጠቆሽን ይዘሽ ድንጋይ ላይ ስትቀመጪ ሌላ ሴት ትሆኚ ነበር፤ ዝም የምትዪ፣ ጊዜ የማትቆጥሪ። ዓሣው ወደ ላይ ሲሄድ ተከትለሽ ትሄጃለሽ፤ ወንዙ ይታጠፋል፤ ከዓይኔ ትጠፊያለሽ። አንድ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ፈልጌሽ ስትመጪ ሁለት አምባዛ አንጠልጥለሽ እየሳቅሽ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። በሳምንቱ ሬዲዮ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ።

ሬዲዮ የመያዣ ፈቃዱን ነገር ታስታውሻለሽ። ጸጥታ ቢሮ የተቀመጠው ልጅ ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ "ከማን ጋር ነው የምትነጋገሩበት?" አለኝ።

"ከባለቤቴ ጋር።"

"ቤት ውስጥ አትነጋገሩም?"

አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነጠላሽን አፍሽ ላይ ይዘሽ ነበር። እኔ ስለ ዜጎች መብት ንግግር ልጀምር ስል አንቺ ቀድመሽ "ቤት ውስጥማ እሱ ብቻ ነው የሚናገረው፣ ጌታዬ። በሬዲዮ ሲሆን እኔም ተራ አገኛለሁ" አልሽው። ልጁ ሳቀና ማህተሙን መታ። አራት ወር የለመንኩትን በአንድ ቀልድ ጨረስሽው።

ሬዲዮውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በትክክል መርጫለሁ። ካርቶኑ ላይ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ይደርሳል ተብሎ የተጻፈውን ነጋዴው በእምነት ሲደግምልኝ የት ለክቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ፋብሪካው ነው የለካው" አለኝ። ፋብሪካው የለካው ሜዳ ላይ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ገደል አይወጣም፣ ተራራ አይበሳም፤ እኛ አገር ደግሞ ከገደልና ከተራራ ሌላ ምን አለ? ስለዚህ ርቀቱን ትቼ ሌላውን አየሁ። ውኃ ቢገባበት ይሠራል ወይ? ቁልፉ በእርጥብ ጣት ይጫናል ወይ? መብራት በሌለበት ቦታ በሱቅ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል ወይ? ድምፁ ጥርት ያለ ነው ወይ? ከዚያም አንዳችን አፋፉ ላይ፣ አንዳችን ወንዙ ዳር እስከሆንን ድረስ ሞገዱ መንገድ እንዳለው በእግሬ እየወጣሁና እየወረድኩ አረጋገጥሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። በዚህ ማንም አይከሰኝም።

የሚያስከስሰኝ ካርዱ ነው። በኮምፒውተር ጽፌ፣ በፕላስቲክ አስለብጄ፣ ሬዲዮሽ ላይ ያንጠለጠልኩት ደንብ። በየሰዓቱ ጥሪኝ። ቦታ ተናገሪ። ሰዓት ተናገሪ። "ተቀበል" በዪ። ቁልፉን ልቀቂ። ከሥሩም በወፍራም ፊደል፦ ሰላምታ የለም። ሬዲዮ ሲያዳምጥ ጥቂት ይበላል፣ ሲናገር ግን ብዙ ይበላል፤ የኛ አገር ሰላምታ ደግሞ የልጁን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሳይጠይቅ አያልቅም። ስሌቱ ትክክል ነበር። አንቺ ካርዱን አንብበሽ "አንቱ መምህር፣ ፈተና ነው እንዴ?" ብለሽ ሳቅሽ፤ ከዚያ ግን ለእኔ ብለሽ ጠበቅሽው።

ያኔ ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፣ ከናትሽ አፍ ሰምቼዋለሁ። እናትሽ "የመጀመሪያው 'ደህና ነኝ' የእግዜር ነው፣ ሁለተኛው የጠያቂው ነው፣ ሦስተኛው ነው የራስ" ይሉ ነበር። አንቺም እንደዚያው ነበርሽ። ራስሽን ቢያምሽ አንድ ጊዜ ተጠይቀሽ አትናገሪም። "እንዴት ነህ" ብለሽ ትጀምሪያለሽ፤ እኔ እመልሳለሁ፤ መልሼ እጠይቅሻለሁ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትያለሽ፤ እደግማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው "ትንሽ ጎኔን ይዞኛል" የምትዪው። በሽታሽን የምትነግሪኝ በሰላምታው መጨረሻ ላይ ነበር። እኔ ሰላምታውን ከነመጨረሻው ቆረጥሁት።

የዚያን ቀን እኔ በቅሎዋን ይዤ ቀድሜ ወጣሁ፤ አንቺ "ጥቂት ልቆይ" ብለሽ ቀረሽ። ስድስት ሰዓት ላይ ቦታና ሰዓት ተናገርሽ። ሰባት ላይ ተናገርሽ። ስምንት ላይ ቁልፉን ተጫንሽና "እንዴት ነህ?" አልሽኝ።

"ደንቡ፣ የሺ" አልኩሽ።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም ነበር። ለንስሐ አባቴም።

አንቺም "ሾላው ሥር ነኝ። ስምንት ሰዓት። ተቀበል" አልሽ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሬዲዮዬ "ክሽ" አለ፤ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሳይናገር ሲለቀው የሚሰማው ድምፅ። እኔም ባትሪ በከንቱ የምታባክኚ መስሎኝ ተናደድሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጠራሽኝም። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁሽ፤ ስትመጪ የምናገረውን እያሰናዳሁ። ከዚያ ወረድሁ።

ሾላው ሥር ግንዱን ተደግፈሽ ተቀምጠሽ ነበር፤ እጅሽ ሬዲዮው ላይ፣ ዓሣዎቹ በቅጠል ተሸፍነው አጠገብሽ። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ቀድሞ ቢደረስላት ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ አንደኛው መሬት መሬት እያየ "ይህን ማለት ያስቸግራል" አለኝ። የሬዲዮሽን ባትሪ አየሁ። ከአራቱ መስመር ሦስቱ ሙሉ ነበር። ቆጥበሽልኛል።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክፍል ውስጥም ብሆን እጄ ሰሌዳው ላይ ይቆማል። ተማሪዎቹ ለምደውታል፤ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። የሁለታችንን ሬዲዮ ባትሪ አውጥቼ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ነበር፤ ግን ሬዲዮ በሌለበት "ክሽ" ይላል። ወንበር ሲጎተት ይላል። ከሞላሌ የሚመጣው አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ይላል። እያንዳንዱን ድምፅ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ማስረዳትም እችላለሁ። ማስረዳቴ ግን አላዳነኝም፤ ሁልጊዜ ካስረዳሁ በኋላ ቆሜ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እጠብቃለሁ።

መቅደስ ባለፈው ክረምት መጥታ "ዓሣ ላጠምድ ልወርድ ነው፤ ሬዲዮ ምረጥልኝ" ስትለኝ ጮህሁባት። ወንዙ ጋ እንዳትሄድ ከለከልኋት፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። እስክጨርስ ሰማችኝና "አባዬ፣ መሄዱን እሄዳለሁ። ስልክ እዚያ አይሠራም። አንተ ካልመረጥህልኝ የማያውቅ ሰው ይመርጥልኛል" አለችኝ። የእኔ ልጅ ናት፤ ነገርን አስልታ ነው የምትመጣው።

መርካቶ አብረን ሄድን። አሁንም ያው ውሸት ካርቶኑ ላይ አለ፤ ቁጥሩ ብቻ አድጓል። አንዱን ነጋዴ "ይህን የጻፈ ሰው መንዝ ይምጣና ያሳየኝ" ብዬው መቅደስ በክንዴ ጎትታ አወጣችኝ። በመጨረሻ ሦስት መረጥን፤ ሽፋናቸው ጎማ የለበሰ፣ በባትሪ ድንጋይም የሚሠሩ። የጓሳ ሳር ወደሚጠበቅበት ደጋ ወስደን በብርዱ ፈተንናቸው። ደጅ ያደረው ባትሪ ጠዋት ሲዳከም መቅደስ በርኖሷ ውስጥ ጉያዋ ሥር ያሳደረችው ግን እንደ ነበረ ነው። ሳሩን ከሚጠብቁት አንዱ ቆሞ ሲያየን ቆየና "ጋሼ፣ እኛ በፉጨት ነው የምንግባባው፤ ፉጨት ባትሪ አይጨርስም" አለ። እውነቱን ነው።

የመጨረሻው ፈተና እዚህ ገደል ላይ ነበር። እኔ አፋፉ ላይ ቀረሁ፤ እሷ ወረደች። ጠራችኝ። "እንዴት ነሽ?" አልኋት። "ደህና ነኝ፣ ይሰማል" አለች። ደግሜ ጠየቅኋት። "ደህና ነኝ አልኩህ እኮ፣ ድምፅህ ጥሩ ነው።" ሦስተኛ ጠየቅኋት። ከዚያ "ሾላው ሥር ነኝ። እማዬ የተቀመጠችበት። ፈርቻለሁ" አለችኝ።

የሺ፣ ያኔ ነገርኋት። ካርዱን፣ "እንዴት ነህ" ማለትሽን፣ የመለስሁልሽን፣ ሁለቱን ክሽታ፣ ሦስቱን መስመር። ቁልፉን ተጭኜ ይዤ ነው የተናገርሁት። አንዱ ተጭኖ ሲይዝ ሌላው መናገር አይችልም፤ ይህን አውቄ ነው ጣቴን ያላነሳሁት። ንግግሬ ካለቀ በኋላም ያዝሁት። ጣቴ ሲደነዝዝ ለቀቅሁ።

ምንም አልተናገረችም። ሁለት ሰዓት ተኩል ዳገቱን ወጥታ አጠገቤ ስትደርስ ፊቷ አብጦ ነበር። አልፋኝ ሄደች። መኪና ውስጥም አልተናገረችም፤ ደብረ ብርሃን ሥራዋ ገብታ ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም። አልወቀስኋትም። እንዲህ ያለውን ዝምታ ከእኔ ነው የወረሰችው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በር ላይ ቆማ "ገና ይቅር አላልኩህም" አለችኝ። "አውቃለሁ" አልኋት። "መቼ እንደምል አላውቅም። ግን ጓደኞቼ ከላይ ማን ይቀመጥ ሲሉኝ አንተን ነው የነገርኳቸው።"

እናም ተቀምጫለሁ። ነፋሱ ወረቀቱን እያስቸገረኝ ነው፤ ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ከዚህ ሆኜ ሾላው ይታየኛል፤ አንቺን የሚመስል ነገር ደግሞ ሥሩ ይታየኛል። ጥላ ነው። አውቃለሁ ጥላ መሆኑን።

በተዝካርሽ ዕለት ሰዉ መልካሙን ሁሉ ተናገረልሽ፤ እኔንም ደግ ባል አድርጎ አብሮ አመሰገነኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ። ያን ምስጋና ዛሬ እመልሰዋለሁ። ለአንቺ ቃል የምገባው ይህን ነው፦ ሳስታውስሽ ራሴን አላሳምርም። "እንዴት ነህ" ያልሽበትን ድምፅና እኔ የመለስሁበትን ድምፅ አብሬ እይዛቸዋለሁ። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አንቺን ሁለተኛ ጊዜ ማቋረጥ ነው። መቅደስም ልጆች ብትወልድ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ፤ አያታቸው ዓሣ ስታጠምድ ምን ያህል ዝም ትል እንደ ነበርና ወንዱ አያታቸው ምን ያህል መስማት የማይችል ሰው እንደ ነበረ።

እርሳሴን ላስቀምጥ። ልጃችን የምትጠራኝ ሰዓት ደርሷል። ደህና ነኝ ስትለኝ አላምናትም።

ባልሽ